ለገዛ ለቅሶዬ የደረስኩ ዕለት

ለቅሶ መድረስ እወዳለሁ ብል ትታዘቡኛላችሁ፤ ግን እውነት ነው። እዚህ አንኮበር ሰው ሲሞት ቀድመው ከሚገኙት አንዷ እኔ ነኝ። ውሃ እቀዳለሁ፣ ንፍሮ እቀቅላለሁ፣ አስለቃሿ ሟቹን ያለ ልኩ ስታሞግሰው ደግሞ በነጠላዬ ጫፍ አፌን ሸፍኜ እስቃለሁ። ባለፈው ኅዳር ግን አንድ ለቅሶ ላይ ሟቿ ራሴ ሆኜ ተገኘሁ። እስከ ዛሬ ይህን ነገር ሳወራ ሳቅ ሳያቋርጠኝ ጨርሼው አላውቅም፤ እስቲ በጽሑፍ ልሞክረው።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ስሜ አስካለ ነው፤ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ ግርማ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ከሰው ይልቅ ከስንዴ ጋር ማውራት ይቀናዋል። ልጆቻችን ደብረ ብርሃን፣ ወንድሜ ሰይፉ ቤት ሆነው ይማራሉ። ሲጋራ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሳንባዬ ላይ ካንሰር አለ ስል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ስለሆነ ነው። አንዲት ባልደረባዬማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «በድብቅም ቢሆን?» ብላኛለች።

ሳሉን ለረጅም ጊዜ ብርድ ነው ብለን አስታመምነው። የአንኮበር ብርድ የማይሸከመው ጥፋት የለም፤ ጉልበት ቢያም ብርድ ነው፣ ጥርስ ቢያም ብርድ ነው፣ ባልና ሚስት ቢኳረፉም ብርድ ነው። ነጭ ሽንኩርት በማር በላሁ፣ ፌጦ ጠጣሁ፣ ጠበል ተጠመቅሁ። አዲስ አበባ ሄጄ ስመረመር በሽታው ከሳንባዬ አልፎ አጥንቴ ደርሷል። በቀዶ ጥገና የሚወጣ እንዳልሆነ ተነገረኝ። ከዕጢው ናሙና ወስደው ሲመረምሩት ግን ሐኪሜ ዶክተር ሰላማዊት ደስ ብሏት መጣች። ካንሰሩን የሚነዳው አንድ የተበላሸ ጂን መሆኑ ታውቋል፣ እሱን ለይቶ የሚመታ ክኒን ደግሞ አለ። በቀን አንዲት ክኒን ብቻ። ወሰድኩ፤ ሳሉ ጠፋ፣ ክፍል ገብቼ ማስተማር ጀመርኩ። ፊቴ ላይ ብጉር ወጣብኝና ተማሪዎቼ «ቲቸር እንደኛ ጎረመሰች» ተባባሉ። ከአንድ ዓመት በላይ እንደዚያ ኖርኩ።

ከዚያ ሳሉ ተመለሰ። «ካንሰሩ ክኒኑን ለመደው» አለችን ዶክተሯ። ግርማ ይህን ሲሰማ ድንገት ነቃ። «እንደ ሙጃ ማለት ነው» ብሎ ጀመረ። ስንዴ ውስጥ ያለ ሙጃ አንድ ዓይነት መድኃኒት እየተረጨበት ሲኖር፣ የማይሞተው ዘር ይቀርና ማሳውን ይሞላዋል፤ ያኔ መድኃኒቱ ይቀየራል እንጂ ስንዴው አይጣልም። እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። እሱ ግን ስለ መርጫው ቀዳዳ፣ ስለ ነፋሱ አቅጣጫ ሲያብራራ ዶክተሯ ሰዓቷን አየች፣ እኔም በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጥኩት።

መድኃኒቱ ይቀየራል ማለት እንዲህ በቀላሉ አልነበረም። ደሜ ተወስዶ ውጭ አገር ተላከ። ካንሰሩ ጂኑ ላይ አዲስ ለውጥ አምጥቶ ከክኒኑ ማምለጡ ታወቀ፤ ለዚያ ለውጥ ተብሎ የተሠራ ሌላ ክኒን ደግሞ በእርዳታ ተገኘልኝ። እኔም አስተማሪ አይደለሁ፣ ኢንተርኔት ላይ ያነበብኩትን ይዤ «ኢሚውኖቴራፒስ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«የሰውነትን የራሱን መከላከያ የሚቀሰቅስ መርፌ ነው፤ ብዙ ሰው ረድቷል» አለችኝ። «ባንቺ ዓይነት ካንሰር ላይ ግን ብቻውን እምብዛም አይሠራም። አዲሱን ክኒን እንሞክር። እሱ ካልሠራ ኬሞቴራፒ አለ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ እየጠበበ ይሄዳል፤ አልዋሽሽም።»

አዲሱን ክኒን ጥቂት ወራት ከወሰድኩ በኋላ ሳንባዬ እንደገና በሲቲ ስካን ተነሣ። ሠርቷል ወይስ አልሠራም? የቀረኝ ጥያቄ ይኸው ነበር። ዶክተሯ ከባልደረቦቿ ጋር አይታ ልትደውል ተስማማን። የአንኮበር ኔትወርክ ዝናብ ሲዘንብም ነፋስ ሲነፍስም ስለሚጠፋ የሰይፉን ስልክ ጭምር ሰጠኋት። አዲስ አበባ ቆይቼ መጠበቅ እችል ነበር። ክፉም ከሆነ ቤቴ ሆኜ ልስማው ብዬ ተመለስኩ።

ኔትወርኩም እንደ ጠባዩ በገባሁ ማግስት ጠፋ። ግርማ ስልኩን ይዞ ጉብታ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደ ጠፋ በግ ይፈልገዋል። እኔ የተማሪዎቼን ፈተና እያረምኩ ነበር። አንዱ ልጅ ሳንባ ምን ይሠራል ለሚለው ጥያቄ «ያስላል» ብሎ መልሷል። ግማሽ ማርክ ሰጠሁት።

ያን ዕለት ጠዋት ውሻችን ሲጮኽ ነቃሁ። ገና ሊነጋ ሲል ነው፤ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ አጥራችንን ሸፍኖታል። ግርማ ተነሥቶ ወጣ። በመስኮት ሳይ በራችን ላይ አምስት ወንዶች ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ከፊት አባ ወልደ ሰንበት ናቸው፣ የንስሐ አባቴ፣ መስቀላቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ከጎናቸው መኪና መቆሚያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ኡመር አሉ።

አገሬው መርዶ እንዴት እንደሚያረዳ ለእናንተ አላስተምርም። ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው የሚመጣው። ሦስቱ ሰዎች ግርማን ክንዱን ይዘው «ና እስቲ ወዲህ» እያሉ ወደ ጓሮ ወሰዱት። ባል ለብቻው ሲወሰድ ምን ማለት እንደሆነም አውቃለሁ፤ ስንቱን ባል እኔው ራሴ ወስጃለሁ።

አባና ሐጂ ገቡ። ሳልቀመጥ ጠየቅኋቸው።

«ልጆቼ ናቸው?»

«ልጆችሽ ደህና ናቸው» አሉ ሐጂ ፈጥነው።

«ሰይፉ ነው?»

«ሰይፉም አማን ነው። የላከንም እሱ ነው።»

ለመርዶ የቀረ ሰው እንግዲህ እኔ ብቻ ነበርኩ። ውጤቱ መጥቷል፣ ክኒኑ አልሠራም፣ ሰይፉ በራሱ አንደበት ሊነግረኝ አቅቶት ሽማግሌ ልኳል። እንዲህ ነበር የገባኝ። ሐጂ አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና አባን አይተው ዘጉት።

«ንግግሩ የአባ እንዲሆን ተስማምተናል» አሉኝ ጥፋተኛ መስለው።

አባ ተቀመጡ። መስቀላቸውን አሳለሙኝ። «እህል ቀምሰሻል ልጄ?» አሉ።

እህል ቀምሰሻል ማለት፣ ከሰማሽ በኋላ አይወርድልሽም ማለት ነው። «አልቀመስኩም አባቴ፣ ንገሩኝ» አልኩ።

«እነግርሻለሁ። ነገር በሥርዓቱ ነው» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዖጽ በሚባል አገር ኢዮብ የሚባል ሰው ነበር።»

«አባቴ፣ ኢዮብን አውቀዋለሁ።»

«ታውቂዋለሽ። ቢሆንም ስሚ።»

አባ ትረካ ሲጀምሩ አቋርጠው አያውቁም። ከኢዮብ በጎች ጀመሩ። ወደ ግመሎቹ አለፉ። ከግመሎቹ ወደ በሬዎቹ፣ ከበሬዎቹ ወደ አህዮቹ። እኔ በዚህ መካከል ስንት ነገር አሰብኩ መሰላችሁ። ያላረምኩትን ፈተና አሰብኩ። ግርማ በርበሬው የት እንዳለ እንደማያውቅ አሰብኩ፤ ሹሮውን በምን ሊሠራ ነው? ልጆቼን ማን እንደሚነግራቸው አሰብኩና እዚያ ላይ ልቤ አልቻለም፣ እንባዬ መጣ። አባም እንባዬን አይተው ትረካው የነካኝ መሰላቸው መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ፣ ነገሩን ደግሞ ረዘም አደረጉት።

የኢዮብ ሥጋ በቁስል ሲመታ፣ ከጓሮ የወንድ ልጅ ለቅሶ ተሰማ። ግርማ ነው። አባቱ ሲሞቱ እንኳ እንዲህ አላለቀሰም። በቃ፣ ሞቻለሁ አልኩ።

ቀጥሎ ከአጥር ማዶ የጎረቤቴ የብርቄ ድምፅ አካባቢውን ሰነጠቀው። «ወይኔ አስኩዬ! ወይኔ እህቴን!» አንዷ ተቀበለቻት፣ ሌላዋ ተቀበለቻት፣ ወዲያው ሰፈሩ ሁሉ ስሜን እየጠራ ማልቀስ ጀመረ። ቁጭ ብዬ እያዳመጥኩ ስሜ ሲለቀስበት ምን እንደሚሰማ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቀዘቀዝኩ። ቀጥሎ ደግሞ፣ እውነቴን ነው፣ ተናደድኩ። ሰው ሳይነገረው ይለቀስበታል?

አባ ከኢዮብ ቁስል ላይ ቀና አሉ። «ማነው የሚያለቅሰው?»

ሐጂ ከዚያ በላይ አልታገሡም። ጉልበታቸውን መቱ። «አባ፣ ያሳጥሩት እንጂ! የአዩብ መጨረሻው ምንድን ነው? ድኗል አይደል?»

«ወደዚያው እየሄድኩ ነው።»

«እንግዲያው ይድረሱ! ልጅቱ በድንጋጤ ልትሞት ነው!» ወደ እኔ ዞሩ። «አስካለ፣ መድኃኒቱ ሠርቷል። ዶክተሯ ትናንት ማታ ለወንድምሽ ደውላ ነግራዋለች። ዕጢው እያነሰ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ይኸው ተናገርኩት።»

አባም ቅር ብሏቸው «አዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሱን ነበር የምልሽ» አሉ።

አልጮኽኩም። አልሳቅኩም። ሐጂን ትክ ብዬ እያየሁ «ታዲያ ማን ሞቶ ነው የሚለቀሰው?» አልኩ።

ሐጂ ጆሯቸውን ወደ በሩ አዘነበሉ። «የሚሉትን ስሰማ... አንቺ ሳትሆኚ አትቀሪም።»

የሆነውን በኋላ አንድ በአንድ አጣርቻለሁ። ሰይፉ ዶክተሯ ስትደውልለት በደስታ ራሱን ሊስት ነበር። ከዚያ፣ እሱ እንዲህ ከሆነ ድካም ላይ ያለች እህቱ በድንገት ብትሰማ ልቧ ቀጥ ይላል ብሎ ፈራ። ወደ አንኮበር ለሚመጣ አይሱዙ ሾፌር ለሐጂ የሚደርስ መልእክት ሰጠው፤ በድንገት እንዳይነግሯት፣ ሽማግሌ ይዘው ቀስ ብለው ያስረዷት፣ አስቀድመው ባሏን ያዘጋጁት። ሐጂም አባን ጠሩ፣ አባም ሌሎቹን ጠሩ። ከባድ ወሬ በሽማግሌ የሚነገርበት አንድ ሥርዓት ብቻ ነው የሚያውቁት፤ እሱኑ ይዘው መጡ። ከጓሮ ለግርማ ሲነግሩት በጉልበቱ ተንበርክኮ በደስታ አለቀሰ። ብርቄ ደግሞ ጎመኗን ልትቀነጥስ ወጥታ በአጥሩ ቀዳዳ አየች። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ፣ ባል ተይዞ ሲያለቅስ፣ ሚስት የካንሰር ታማሚ። እኔም ብሆን እጮህ ነበር።

ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። ግቢው ሞልቷል። ሴቶቹ ወገባቸውን አስረዋል። ወጣቶች የእድሩን ድንኳን እንጨት ተሸክመው እየገቡ ነው። ከላይ መንገድ ላይ የእድሩ ጡሩምባ ሲነፋ ይሰማኛል። ብርቄ ጀርባዋን ለእኔ ሰጥታ ደረቷን እየደቃች ታሞግሰኛለች።

«ደጓ! ቅኗ! በባሏ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ!»

ይህን ስሰማ፣ ምናልባት የሞተችው ሌላ ሰው ትሆን እንዴ ብዬ ተጠራጠርኩ።

በር በሩን ሲያይ የነበረ ወጣት ቀድሞ አየኝ። እንጨቱን ለቀቀው፣ እግሩ ላይ ወደቀበት፣ ኡኡ አለ። ሰው ዞረ። ብርቄ መጨረሻ ላይ ዞረች። አማተበች፣ እንደገና አማተበች።

«ቀጥይ ብርቄ» አልኳት። «ደጓ፣ ቅኗ ላይ ነበርሽ።»

«አስካለ? ሞተሽ የለም እንዴ?»

«ማን አለሽ?»

«ግርማ ሲያለቅስ በዓይኔ አይቼው!»

በዚህ መካከል ግርማ ከጓሮ ዞሮ መጣ። ጉልበቱ ጭቃ ነው፣ ዓይኑ አብጧል፣ ጥርሱ ግን አይከደንም። ሰው የሚያምነው ነገር ጠፋው፤ ሟች ቆማ ታወራለች፣ ሐዘንተኛው ይስቃል። ግርማ ቀጥ ብሎ መጣና «ሙጃው ሞተ» አለኝ። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ በአባና በሐጂ ፊት፣ አቀፈኝ። በአንኮበር ሰው ሚስቱን በአደባባይ አያቅፍም፤ ግርማ ደግሞ በጓዳም ቢሆን ጉንጭ ከመሳም አያልፍም። ደረቱ ላይ ሆኜ ልቡ ሲመታ ስሰማ ነው የመዳኔ ወሬ የገባኝ። ያኔ አለቀስኩ፣ ያኔ ሳቅኩ፣ የቱ የቱ እንደሆነ አላውቅም።

ሐጂ በሩ ላይ ቆመው ለሕዝቡ አስረዱ፤ በዚህኛው ላይ ኢዮብ አልተነሣም። ሲያለቅሱ የነበሩት አፎች ወዲያው እልል አሉ። ብርቄ ግን ተቀየመች። «ጉሮሮዬን የሰነጠቅሁት በከንቱ ነው ማለት ነው» አለች። «ለሌላ ጊዜ ይቆጠርልሻል» አልኳት፤ ምላሷን አወጣችብኝ።

ወጣቶቹ ድንኳኑን እንመልሰው ወይ ብለው ጠየቁ። የእድሩ ሰብሳቢ ትንሽ አሰቡና «ከወጣ ወጥቷል፣ ትከሉት» አሉ። ንፍሮውም ተጥዶ ነበር፤ ለቅሶ ቤት የመጣ እህል አይመለስም ተባለ። ለወራት ምግብ ሲያስጠላኝ የኖርኩ ሴት፣ ያን ዕለት የገዛ ለቅሶዬን ንፍሮ በሁለት እጄ እየዘገንኩ በላሁ። ስንዴው ከባቄላው ጋር እንዲያ የሚጣፍጥ መሆኑን ረስቼው ኖሯል።

ከሩቅ ቀበሌ ጡሩምባውን ሰምተው የመጡ ግን ነገሩን አያውቁም። እያለቀሱ ይገባሉ፤ በር ላይ የምቀበላቸው እኔ ነኝ። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው «ሟቿ ማን ናት ልጄ?» አሉኝ። «እኔ ነኝ አባባ፣ ይግቡ፣ ንፍሮ አለ» አልኳቸው። ገቡ፤ ምንም አልገረማቸውም።

ያሳዘነኝ ሰይፉ ብቻ ነው። አላስችል ብሎት ከደብረ ብርሃን የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዞ ሲመጣ፣ በራችን ላይ ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው ሞልቶ አገኘ። በደስታ ልቧ ቀጥ ይላል ብሎ የፈራው ነገር የደረሰ መሰለው። መንገዱ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ይዞ «ቀስ ብላችሁ ንገሯት ብዬ ነበር፣ ቀስ ብላችሁ ብዬ ነበር» እያለ ይንሰቀሰቃል። ንፍሮ በእጄ ይዤ ሄጄ ትከሻውን ነካሁት። ቀና ብሎ አየኝ። እሱን ለማረጋጋት ብዙ ውሃ ፈሷል።

ከሰዓት በኋላ ኔትወርኩ መጣ፤ ዶክተር ሰላማዊት ደወለች።

«አስካለ፣ ምንድን ነው የሚሰማኝ ጩኸት?»

«ለቅሶዬ ነው ዶክተር።»

አስረዳኋት። እንደዚያ ከልቧ ስትስቅ ሰምቼያት አላውቅም። ሳቋን ስትጨርስ ግን እንደ ሁልጊዜዋ እውነቱን ነገረችኝ። የሳንባዬ ዕጢዎች በጣም አንሰዋል፣ አጥንቴ ላይ ያለውም ጸጥ ብሏል። ጠፍቷል ግን አትልም። «ይህንንም ክኒን አንድ ቀን ሊለምደው ይችላል» አለች። «ያኔ እንደገና እንመረምራለን፣ ሌላ እንፈልጋለን።»

«መቼ ነው የሚለምደው?»

«እሱን አላውቅም አስካለ።»

አመሰገንኳት። ወደ ድንኳኑ ተመለስኩና ብርቄ አጠገብ ተቀመጥኩ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ያ ዕለት ምን ለወጠብኝ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ከዚያ በፊት በሰፈራችን የበሽታዬን ስም የሚጠራ ሰው አልነበረም። «ያ ነገር» ነበር የሚሉት፤ ከአፋቸው ካወጡት የሚይዛቸው ይመስል። ከዚያ ወዲህ ግን ማንም መንገድ ላይ አስቁሞኝ «ካንሰሩ እንዴት ነው?» ይለኛል፣ ስለ ጎረቤት አማች እንደሚጠይቅ። ብርድ ነው ብለው ሳላቸውን ሲያስታምሙ የኖሩ ሁለት ሴቶች ወደ ሐኪም እንድወስዳቸው ጠይቀውኝ ወስጃቸዋለሁ፤ የአንደኛዋ ብርድ ሆኖ ተገኘ፣ የሌላዋን ሕክምና ጀምረናል። ተማሪዎቼም መድኃኒት የሚለምድ ነገር ሁሉ እንዴት እንደሚለምድ ከመጽሐፉ በተሻለ ያውቁታል። ግርማ እንኳ እንግዳ አስተማሪ ሆኖ ክፍል ገብቶ ስለ ሙጃ አስተምሯል፤ ለማስወጣት ደወል አልበቃም።

አልፈራም ብላችሁ ውሸታም ነኝ። ስካን የምነሣበት ቀን ሲቃረብ እንቅልፍ አጣለሁ፣ ግርማን ያለ ጥፋቱ እቆጣዋለሁ። ግን እንደ ድሮው ብቻዬን አልፈራም። ሰው ከሞተ በኋላ ማን ሊመጣ፣ ማን ሊቀር፣ ምን ሊባል እንደሆነ ሳያውቅ ነው የሚሄደው። እኔ አውቄዋለሁ። በኅዳር ብርድ፣ ፀሐይ ሳይወጣ፣ ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ መጥተዋል። ድንኳኑም ንፍሮውም ብርቄም ዝግጁ መሆናቸውን በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ በዚያ በኩል የሚያሳስበኝ ነገር የለም። የእኔ ሥራ ጠዋት ጠዋት ክኒኔን እየዋጥኩ እነሱን ረጅም ጊዜ ማስጠበቅ ነው።